አምራቹ «አይደገፍም» ባለው ላፕቶፕ ላይ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች ከተለያዩ አንባቢዎች የመጡ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፦ አካሉ ደህና የሆነና ሥራውን የሚሠራ ላፕቶፕ፣ አዲሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዳይቀበል በአምራቹ ተከልክሎ ሲገኝ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ «ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምገለገልበት ላፕቶፕ አለኝ። ፕሮሰሰሩ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ደግሞ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው። የመሥሪያ ቤት ሥራዬን ሁሉ የምሠራው በእሱ ሲሆን እስከ ዛሬ አስቸግሮኝ አያውቅም። ዊንዶውስ 11 ልጭንበት ስሞክር ግን ኮምፒውተሩ መስፈርቱን አያሟላም የሚል መልእክት ይመልሰኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የእሱን ተመሳሳይ ላፕቶፕ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም በተዘጋጀ ፍላሽ ቀይሮታል፤ በዚያው ፍላሽ የእኔንም ሊጭንልኝ ፈቃደኛ ነው። ላፕቶፑ ይጎዳብኝ ይሆን? ከዚያ በኋላስ አፕዴት ይቀርብኛል?»

መልስ፦ ባልደረባዎ የነገሩዎት እውነት ነው። እርስዎ በገለጹት ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11 ይጫናል፤ በአብዛኛውም ያለ ችግር ይሠራል። ይሁን እንጂ እንዲህ ባለው ጉዳይ ከ«ይጫናል ወይ?» በላይ የሚያሳስበኝ «ከተጫነ በኋላ ማን ይከታተለዋል?» የሚለው ነው። በሚደገፍ ኮምፒውተር ላይ ክትትሉን የሚሠራው ማይክሮሶፍት ነው፤ በማይደገፍ ኮምፒውተር ላይ ግን ሥራው ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ይህንን አውቆ የተቀበለ ሰው ብዙ ጊዜ አይቸገርም፤ ሳያውቅ የገባበት ሰው ግን ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ኮምፒውተሩ ያለ ጥበቃ መቅረቱን እንኳ ላያስተውል ይችላል።

በመጀመሪያ ላፕቶፕዎ ለምን እንደተከለከለ ይለዩ። ያ መልእክት ከሦስት በጣም የተራራቁ ምክንያቶች በአንዱ ሊመጣ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ የሚፈለገው ነገር ላፕቶፑ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ተዘግቷል። ሌላ ጊዜ ማሽኑ ሥራውን መሥራት እየቻለ በማይክሮሶፍት የፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። በሦስተኛው ሁኔታ ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚጠይቀው ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ጭራሹኑ የለም። የመጀመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከላል፤ ሁለተኛው ባለቤቱ ኃላፊነቱን ወስዶ ሊያልፈው ይችላል፤ ሦስተኛው ግን በምንም ዘዴ አይታለፍም።

ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ሲወጣ ከቀደመው ስሪት የተለዩ ሁለት ነገሮችን ግዴታ አደረገ። አንደኛው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው፣ የምስጢር ቁልፎችን ከዲስኩ ለይቶ የሚጠብቀው የደህንነት ክፍል ነው። ሁለተኛው ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለውን ጥበቃ) የሚያስተናግድ፣ ዩኢኤፍአይ በሚባለው አሠራር የሚነሣ ኮምፒውተር መሆኑ ነው። በእርስዎ ላፕቶፕ ዘመን የተሠሩ ብዙ ማሽኖች ሁለቱም አሏቸው፤ ሆኖም ከፋብሪካ ሲወጡ ወይም በኋላ ጥገና ሲደረግላቸው ተዘግተው ይገኛሉ። ለማጣራት የዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ገጽ ከፍተው «ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ» ወደሚለው ክፍል ይግቡና የሴኪዩሪቲ ፕሮሰሰሩን ዝርዝር ይመልከቱ፤ የስፔሲፊኬሽን ቁጥሩ 2.0 ከሆነ ቲፒኤሙ አለ፣ ክፍትም ነው ማለት ነው። ክፍሉ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ገብተው በኢንቴል ማሽን ላይ ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ማሽን ላይ ደግሞ ኤፍቲፒኤም የሚባለውን ምርጫ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ «ሴኪዩሪቲ» ወይም «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ ውስጥ ነው። ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ «ባዮስ ሞድ» በሚለው መስመር ላይ ላፕቶፑ በዩኢኤፍአይ ወይስ በድሮው በሌጋሲ እንደሚነሣ ይነግርዎታል። ሌጋሲ ከሆነ ዲስኩ የተከፋፈለው በአሮጌው በኤምቢአር ሥርዓት ነው ማለት ነው፤ ይህንንም ፋይል ሳይጠፋ ወደ ጂፒቲ የሚለውጥ መሣሪያ ዊንዶውስ 10 ራሱ ውስጥ አለ። ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ባዮሱም ወደ ዩኢኤፍአይ ካልተዛወረ ላፕቶፑ እንደማይነሣ ግን አይርሱ።

ባዮስ ከመንካትዎ በፊት ግን ዲስክዎ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ ቁልፍ ባለቤቱ ሳያዝዘው በራሱ የሚሠራ ሲሆን፣ የቲፒኤም ወይም የሴኪዩር ቡት ሁኔታ ሲለወጥ ኮምፒውተሩ የ48 አሃዝ የማስመለሻ ቁጥር ጠይቆ ቁጭ ይላል። ቁጥሩ የሌለው ሰው ፋይሉን ማግኘት አይችልም፤ ማንም ባለሙያ ሊከፍትለት አይችልም። ስለዚህ ቁጥሩን ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ላይ አውጥተው በወረቀት ይጻፉት፤ ከዚያም ቢትሎከሩን ለጊዜው አግደው ወደ ባዮሱ ይግቡ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሰዎች የዓመታት ሰነድና ፎቶ የሚያጡት በአብዛኛው በዊንዶውስ 11 ምክንያት ሳይሆን ይህችን ቅደም ተከተል በመዝለል ስለሆነ፣ ደጋግሜ ባስታውስ ቅር አይበልዎት።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለውም የእርስዎ ላፕቶፕ አሁንም መከልከሉ አይቀርም፤ ምክንያቱም ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ከጥቂት የሰባተኛ ትውልድ ሞዴሎች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት፣ ከኤኤምዲ ደግሞ በጥቅሉ ከራይዘን 2000 ወዲህ ያሉት ናቸው። ይህ ድንበር እንዲሁ የተሠመረ እንዳይመስልዎ። ዊንዶውስ 11 የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ማኅደረ ትውስታ ካልተፈቀደ ኮድ የሚጠብቅበት «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የሚባል ጥበቃ አለው። ከሰባተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን ጥበቃ የሚያቀልል አቅም በውስጣቸው ይዘዋል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ግን ያንኑ ሥራ በሶፍትዌር አስመስለው ስለሚሠሩት የፍጥነት ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ ላፕቶፕዎ ከዊንዶውስ 11 በኋላ ከበደኝ ካለ መጀመሪያ ይህ ጥበቃ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። መዝጋት ይቻላል፤ እኔ ግን የሥራ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ዝግታን ታግሦ እንደበራ መተውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ አፕዴቱ ልምጣ። በማይደገፍ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ማይክሮሶፍት ሁለት ነገር በግልጽ ያስነብባል፤ ኮምፒውተሩ ዝማኔ የማግኘት መብት እንደማይኖረውና በአለመጣጣም የሚደርስ ጉዳት በአምራቹ ዋስትና እንደማይሸፈን። ይህ ማለት ላፕቶፑ ይቃጠላል ማለት አይደለም። በተግባር እስካሁን የየወሩ የደህንነት ማሻሻያዎች ለእነዚህ ማሽኖችም ሲደርሱ ቆይተዋል፤ ነገር ግን የሚደርሱት በግዴታ ስላልሆነ አንድ ቀን ቢቆሙ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። በእርግጥ የሚቀርብዎት በዓመት አንዴ የሚወጣው ዋናው ስሪት ነው፤ እሱ በራሱ አይመጣልዎትም። እያንዳንዱ የሆምና የፕሮ ስሪት ደግሞ የደህንነት ማሻሻያ የሚያገኘው ለ24 ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ አዲሱን የአይኤስኦ ፋይል (ሙሉውን የዊንዶውስ መጫኛ የያዘውን ፋይል) አውርደው፣ ፍላሽ አዘጋጅተው፣ ማለፊያውን ዘዴ ደግመው ስሪቱን በእጅዎ ማሳደግ ይኖርብዎታል። «ማን ይከታተለዋል?» ያልኩት በዋናነት ይህንን ነው። ባልደረባዎ ዛሬ ጭነውልዎት ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢዛወሩ ይህን ሥራ ራስዎ መሥራት ይችላሉ? መልስዎ «አዎ» ከሆነ ይጫኑት፤ ምክሬ ይህ ነው።

ስለ ፍላሹ ግን ከባልደረባዎ ጋር አልስማማም። ሩፈስ የታወቀና በነጻ የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ የዊንዶውስ 11 ፋይል ሲሰጡት የቲፒኤም 2.0፣ የሴኪዩር ቡትና የ4 ጊጋባይት ራም መስፈርቶች እንዲነሡ ይፈልጉ እንደሆነ በምልክት መምረጫ ይጠይቃል። ዋናውን የማይክሮሶፍት ፋይል ሳይነካካ የፍተሻውን ደረጃ ብቻ ያሳልፋል። አደጋው ያለው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩና «የተሻሻለ»፣ «የቀለለ» እየተባሉ በሚሰጡ የዊንዶውስ ቅጂዎች ላይ ነው። እነዚህን ማን እንደነካካቸው፣ ምን እንደተቀነሰባቸው፣ ምን እንደተጨመረባቸውም ማወቅ አይቻልም፤ የጸረ ቫይረስ ጥበቃውና የአፕዴት አገልግሎቱ የተነቀለበት ቅጂ ፈጣን ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባልደረባዎን አልጠረጥርም፤ እሳቸውም ፍላሹን ከማን እንዳገኙት ግን አላውቅም። አይኤስኦውን ከማይክሮሶፍት ገጽ፣ ሩፈስንም ከራሱ ገጽ አውርደው የራስዎን ፍላሽ ያዘጋጁ። ሕጋዊ የዊንዶውስ 10 ፈቃድ ካለዎት ለተመሳሳዩ የዊንዶውስ 11 ዓይነት ስለሚያገለግል ሌላ ቁልፍ መፈለግም አያስፈልግዎትም።

ከመጀመርዎ በፊት ፋይሎችዎን ሁሉ በውጭ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። የዋይፋዩን ድራይቨር (ሲስተሙ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም) ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ አስቀድመው በፍላሽ ይያዙ፤ አዲሱ ዊንዶውስ ዋይፋዩን ካላወቀው ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልግዎታልና። አሮጌውን ሳያጠፉ በላዩ ላይ ካሳደጉት ደግሞ ካልወደዱት በ10 ቀናት ውስጥ ከሴቲንግስ ወደ ዊንዶውስ 10 የመመለስ ዕድል አለዎት። በእነዚያ ቀናት ላፕቶፑን ዝም ብለው አያስቀምጡት። ክዳኑን ዘግተው እንዲተኛ አድርገው ያንቁት፤ ካሜራውን፣ ማይክሮፎኑን፣ ፕሪንተሩን፣ የመሥሪያ ቤትዎን ፕሮግራሞች ሁሉ ይሞክሩ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ መመለሻው ፎርማት ማድረግ ብቻ ነው።

ጊዜ ካስፈለገዎት ሌላም መንገድ አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ ቢሆንም፣ ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል። ምዝገባው በዚያው በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን የ22ኤች2 ስሪት የጫነ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ «የ2015 ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ አለኝ። አፕል ሞንተሬ ከሚባለው የማክኦኤስ ስሪት በላይ አልፈቀደልኝም፤ አንዳንድ የምፈልጋቸው ፕሮግራሞች ደግሞ አዲስ ስሪት ይጠይቃሉ። ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር በሚባል መሣሪያ ከእሱ በኋላ የወጣውን ሴኮያን መጫን እንደሚቻል አንብቤያለሁ። ይመከራል? ወደ ቀድሞው መመለስስ ይቻላል?»

መልስ፦ መመለስ ይቻላል፤ ይህም ለመሞከር ድፍረት ይሰጣል። ላፕቶፑ ሲነሣ ሺፍት፣ ኦፕሽን፣ ኮማንድና የአር ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው ከያዙ ማኩ ሲገዛ የመጣበትን ወይም ለዚያ የቀረበውን ስሪት ከኢንተርኔት አውርዶ ይጭናል።

መሣሪያው ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን እንደሚሠራ ማወቅ ግን ይጠቅማል። በመጀመሪያ ኦፕንኮር የሚባለውን ማስነሻ በዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ማክኦኤስ ከመነሣቱ በፊት ይህ ማስነሻ ቀድሞ ይነሣና ጫኚው ማሽኑን እንዲቀበል ያደርጋል። ኦፕሽን ቁልፍን ይዘው ሲያስነሡ «ኢኤፍአይ ቡት» የሚል ምስል የሚያዩት ለዚህ ነው። ሲስተሙ ገብቶ ዴስክቶፑ ሲከፈት ብዙዎች ሥራው ያለቀ መስሏቸው ይደነግጣሉ፦ መስኮቶቹ እየተጎተቱ ይከፈታሉ፣ የታችኛው ዶክ ቀለሙ ይበላሻል፣ ዋይፋዩም የለም። ምክንያቱ አፕል የዚህን ዘመን የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ከሞንተሬ ቀጥሎ ከመጣው ከቬንቱራ ላይ፣ የአሮጌዎቹን ዋይፋይ ድጋፍ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ከመጣው ከሶኖማ ላይ ስላነሣቸው ነው። ሁለተኛው የመሣሪያው ሥራ እነዚህን የተነሡ ክፍሎች ወደ ቦታቸው መመለስ ሲሆን «ሩት ፓች» ይባላል። ለዚህ ሥራ የሚወርድ ነገር ሊኖር ስለሚችል ከዋይፋይ ሌላ በኬብል የሚገናኙበትን መንገድ አስቀድመው ያዘጋጁ።

የሚከፈለው ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ከሞንተሬ በፊት ከነበረው ከቢግ ሰር ጀምሮ አፕል የሲስተሙን ክፍል በማኅተም ዘግቶታል፤ ሩት ፓች ደግሞ ያን ማኅተም ይሰብራል፣ የሲስተሙንም ጥበቃ በከፊል ያላላል። ማኅተሙ ስለተሰበረ ትንሽ የሚባል ማሻሻያ እንኳ ሙሉው ሲስተም ሆኖ፣ ከ10 ጊጋባይት በላይ እየሆነ ይወርዳል። ማሻሻያው በተጫነ ቁጥርም የተመለሱት ክፍሎች ስለሚጠፉ ሩት ፓቹ እንደገና መደረግ አለበት። ስለዚህ በራሱ የሚሄደውን አፕዴት ይዝጉ፤ የፓቸሩ አዘጋጆች አዲሱን ማሻሻያ መደገፋቸውን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ፣ መጀመሪያ ፓቸሩን ከዚያም ማክኦኤሱን ያሳድጉ። ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ጠዋት ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ የማይነሣ ማክ ፊት ለፊት ያስቀምጥዎታል።

የሚያስፈልግዎት አንድ ወይም ሁለት ፕሮግራም ብቻ ከሆነ ሴኮያን ከመጫን በፊት እነዚያ ፕሮግራሞች ሶኖማን ወይም ቬንቱራን ይቀበሉ እንደሆነ ይዩ። በዚህ ማክ ላይ ቬንቱራ የዋይፋዩን ችግር አያመጣም፤ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር የሚመለሱት ክፍሎች ይበዛሉ፣ የሚበላሸውም ይበዛል። በሌላ በኩል አሮጌው ስሪት ከአፕል የሚያገኘው የደህንነት ማሻሻያ ቀድሞ ስለሚያበቃ ሁለቱን አመዛዝነው ይምረጡ። አፕል በ2025 የወጣው ታሆ ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው ስሪት መሆኑን ስላስታወቀም መንገዱ ሩቅ እንደማይሄድ ይወቁ። የባንክ ሥራና የደንበኞች ምስጢር የሚያዝበት ማክ ከሆነ ጥበቃው በላላ ሲስተም ላይ እንዲሠሩበት አልመክርም፤ ለጽሑፍ፣ ለሙዚቃና ለትምህርት ግን ጥሩ የተጨማሪ ዓመታት ዕድል ነው።

ጥያቄ፦ «ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ለልጄ ትምህርት ላዘጋጅ አስቤ ነበር። አንድ ጠጋኝ ዊንዶውስ 11 ሊጭንልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። እውነት ነው?»

መልስ፦ የሚጠቅምዎትን ስሪት መጫን አይቻልም። ከላይ ሦስተኛ ያልኩት ምክንያት ይህ ነው፦ በ2024 ከወጣው ከ24ኤች2 ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ፖፕካውንትና ኤስኤስኢ 4.2 የሚባሉትን የፕሮሰሰር ትእዛዞች ይጠይቃል፤ የኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰሮች የሏቸውም። ትእዛዞቹ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሌሉ ፍተሻውን ማሳለፍ አይረዳም፤ ኮምፒውተሩ ጭራሹኑ አይነሣም። ጠጋኙ ሊጭንልዎ የሚችለው የቀድሞውን 23ኤች2 ወይም ከዚያ በፊት የነበሩትን ነው፤ የ23ኤች2 የሆምና የፕሮ ድጋፍ ግን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2025 አብቅቷል። ለልጅ የሚሰጥና ኢንተርኔት የሚገባ ኮምፒውተር ማሻሻያ በማያገኝ ሲስተም ላይ ባይሆን እመርጣለሁ።

ለዚህ ላፕቶፕ የሚስማማው ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነቱ ነው። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ 4 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል፤ የእርስዎም ላፕቶፕ ያለው ይህንኑ ነው። በ2024 የወጣው ሚንት 22 እስከ 2029 ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ዲስኩ ዛሬም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ በኤስኤስዲ ያስቀይሩት፤ በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ወጪ የለም።

ሚንት ከመጫኑ በፊት ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ስለሚነሣ፣ በዚያው ሁኔታ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የስክሪኑን ብርሃን ማስተካከያና ልጅዎ የሚጠቀምባቸውን የትምህርት ገጾች ይሞክሩ። ዋይፋዩ ካልታየ ቺፑ የብሮድኮም ሊሆን ይችላል፤ ላፕቶፑን በኬብል ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙና ድራይቨር ማኔጀር የሚባለውን ይክፈቱ፤ የሚያስፈልገውን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ ያቀርብልዎታል። ሁሉም ከሠራ በኋላ ነው «ጫን» የሚለውን የሚነኩት፤ ያን ጊዜም አሮጌው ዲስክ ላይ የቀረ ፎቶ ወይም ሰነድ ካለ አስቀድመው ያውጡት፤ ሙሉ ዲስኩን ለሚንት ከሰጡት በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል።